በኮምፒዩተር ስለሚመረጡ የመድኃኒት ዕፀዋት፤ ስለ ስንፈተ ወሲብ በሚጻፉት ጥናቶች ላይ የቀረበ ሂስ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በተማሪዎች ዘንድ አንድ ዓይነት ጥናት እየበዛ መጥቷል። ጥናቱ ሁልጊዜ አንድ መልክ አለው። በመጀመሪያ ከባህል ሕክምና መዝገብ አንድ ዕፅ ይመረጣል፤ ቀጥሎም በዕፁ ውስጥ ይገኛሉ የተባሉት ውሕዶች ከየመዝገቡ ይለቀማሉ፤ ከዚያም የእያንዳንዱ ውሕድ ቅርጽ በኮምፒዩተር ውስጥ ከአንድ የታወቀ ፕሮቲን ጋር ይገጠማል፤ በመጨረሻም ከሁሉ የበለጠ ነጥብ ያገኘው ተመርጦ፥ «ይህ ዕፅ ለዚህ በሽታ ፍቱን መድኃኒት መሆኑ ተረጋግጧል» የሚል መደምደሚያ ይጻፋል። ስለ ስኳር በሽታ፥ ስለ ወባና ስለ ካንሰር በዚህ መልክ የተጻፈ ብዙ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ስለ ስንፈተ ወሲብ የሚጻፈውን ብቻ ነው። ምክንያቱም በዚህ በሽታ ላይ የሚጻፍ ቃል ከሌላው ይልቅ ቶሎ ከወረቀት ወጥቶ ከሰው አፍ ስለሚገባ ነው።

ይህን የምንለው በመላ ምት አይደለም። ከመካከላችን አንዱ እንዲህ ያለ ጥናት አዘጋጅቶ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ አነበበ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ የሠራውን ሁላችንም ሠርተነው ነበርና። ከአንድ የአገራችን ዕፅ ሥር ያገኘው ውሕድ ሲልዴናፊል ከተባለው መድኃኒት፥ ማለት በንግድ ስሙ ቪያግራ ከሚባለው፥ የበለጠ ነጥብ አገኘ፤ ልዩነቱም ከአንድ ኪሎ ካሎሪ ያነሰ ነበር። ሁላችንም አጨበጨብን። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ወሬው እስከ ቤተ ዘመዱ ደረሰና አጎቱ በስልክ ጠሩት። «ልጄ፥ ያ ኮምፒዩተር የመረጠው ሥር የትኛው ነው? እንዴትስ ይወሰዳል?» አሉት። እኒህ ሰው የልብ ሕመምተኛ ናቸው፤ ደረታቸውን ሲወጋቸው ከምላሳቸው ሥር የሚያደርጉት ኪኒን በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። ጓደኛችን የሚመልሰው ቢጠፋው ወደ እኛ መጣ፤ እኛም የምንመልሰው አጣን። ይህ ሂስ የተጻፈው ያን ጊዜ ላልመለስነው ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ነው።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ጥቂት እንናገር። እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. (ከዚህም በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የተሰበሰቡ ሊቃውንት ለዚህ በሽታ ቀድሞ ይሰጠው የነበረው ስም ሰውን የሚያዋርድና ትርጉሙም የተምታታ ነው ብለው ለወጡት፤ በሽታውም ለግንኙነት የሚበቃ የብልት መቆምን ለማግኘት ወይም ለማቆየት አለመቻል ማለት ነው ብለው ወሰኑ። በ1994 በታተመው የማሳቹሴትስ ጥናት ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 70 ዓመት ከሆኑት ወንዶች መካከል ከመቶው 52ቱ፥ አንዳንዱ በመጠኑ ሌላው በጽኑ፥ ይህ ችግር እንዳለባቸው ተገለጠ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሐኪሞች በሽታው ከስኳር፥ ከደም ግፊትና ከልብ ደም ሥር በሽታ ጋር በቅርብ የተዛመደ መሆኑን፥ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የልብ በሽታ ቀዳሚ ምልክት መሆኑን አስረድተዋል። ስለዚህ ስለዚህ በሽታ መጻፍ ስለ ቀላል ነገር መጻፍ አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ይሁን እንጂ ከሕመሞች ሁሉ ሰው አጥብቆ የሚደብቀው ይህን ስለ ሆነ፥ ሐኪም ዘንድ ከመቅረብ ይልቅ በጨለማ የሚሰጥ ሥር መፈለግ የተለመደ ነው።

የሰውነቱ አሠራር እንደሚከተለው ነው። የስሜት መልእክት በነርቭ ሲመጣ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ በብልቱ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ይለቀቃል፤ ይህም ሳይክሊክ ጂ.ኤም.ፒ. የተባለ ሌላ ሞለኪውል እንዲበዛ ያደርጋል፤ በዚህም ምክንያት የደም ሥሮቹ ጡንቻ ይላላና ደም ይሞላል። ፎስፎዲኤስተሬዝ 5 የተባለው ኤንዛይም ደግሞ ያንን ሞለኪውል እየሰባበረ ሁሉን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። የፋይዘር ኩባንያ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር በሳንድዊች ከተማ ሲልዴናፊልን ሲሠሩ ያሰቡት ለልብ ደም ሥር ሕመም እንዲሆን ነበር፤ ለዚያ የተጠበቀውን ያህል ባይሆንም፥ የሚሞከርባቸው ወንዶች ያልታሰበ ውጤት ስለ ተናገሩ ምርመራው መንገዱን ለወጠ። መድኃኒቱ በመጋቢት 1998 በአሜሪካ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት ስለ ናይትሪክ ኦክሳይድ መልእክተኛነት የመረመሩት ፉርችጎት፥ ኢግናሮና ሙራድ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚህ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ኤንዛይሙን የሚገታ መድኃኒት ፍላጎትን አይፈጥርም፤ የተጀመረውን መልእክት እንዳይጠፋ ይጠብቃል እንጂ። በባህል ሕክምና መዝገብ ውስጥ ግን «ለወንድ ድካም» ተብሎ የተጻፈው ቃል ብዙ ነገር ይይዛል፤ የፍላጎት መጥፋት፥ መካንነት፥ የሰውነት መዛል፥ አልፎ አልፎም በመተት ተይዣለሁ የሚል ሰው የሚፈልገው መፍትሔ ሁሉ በዚያው ስም ይጠራል። የጥናቶቹ የመጀመሪያ ግድፈት እዚህ ላይ ነው። መዝገቡ ያለው አንድ ነገር ሆኖ ሳለ ኮምፒዩተሩ የተጠየቀው ሌላ ነገር ነው። ድካምን ያስወግዳል የተባለ ሥር ስለ ምን ፎስፎዲኤስተሬዝ 5ን መግታት እንዳለበት ከጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ አይነግሩንም። ለምሳሌ በመካከለኛውና በምዕራብ አፍሪካ ከሚበቅለው የዮሂምቤ ዛፍ ልጣጭ የሚወጣው ዮሂምቢን ከጥንት ጀምሮ ለዚህ ጉዳይ የታወቀ ነው፤ የሚሠራው ግን በፍጹም በሌላ መንገድ፥ ይኸውም አልፋ 2 የተባሉትን የነርቭ ተቀባዮች በመዝጋት ነው። ዮሂምቢንን በፎስፎዲኤስተሬዝ 5 ብቻ የመረመረ ሰው ዛፉ የሚሠራበትን መንገድ ሳያይ ያልፋል።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። የፕሮቲኖች ቅርጽ የሚቀመጥበት ዓለም አቀፍ መዝገብ በ1971 ተቋቋመ። በ1982 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳን ፍራንሲስኮ ኢርዊን ኩንትዝና ባልደረቦቹ ትንሹን ሞለኪውል በትልቁ ፕሮቲን ጎድጓዳ ስፍራ የሚገጥም ፕሮግራም አወጡ፤ ዶክ ብለውም ሰየሙት። ዶኪንግ የሚለው ስም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በ1990 የስክሪፕስ ተቋም አውቶዶክን፥ በ2010 ደግሞ ትሮትና ኦልሰን አውቶዶክ ቪና የተባለውን ፈጣን ፕሮግራም አሳተሙ። ቪና በነፃ ስለሚሰጥና በተራ ኮምፒዩተር ላይ ስለሚሠራ፥ ላቦራቶሪ የሌለው ተማሪ ሁሉ የሚይዘው ሆነ።

ይህን መሣሪያ ልንንቅ አንፈልግም። ሺህ ውሕድ በላቦራቶሪ ለመፈተን ገንዘብም ኬሚካልም ለሌለው ተቋም፥ ከሺሁ መካከል ቀድመው ሊሞከሩ የሚገባቸውን ሃያውን ወይም ሠላሳውን የሚለይ ዘዴ ትልቅ ረድኤት ነው። ወንፊት ዱቄቱን ከገለባው ይለያል፤ ነገር ግን ወንፊት እንጀራ አይጋግርም። ሂሳችንም በወንፊቱ ላይ ሳይሆን ተነፍቶ የወጣውን ዱቄት እንጀራ ነው ብለው ለእንግዳ በሚያቀርቡት ላይ ነው።

ስለ ነጥቡ እንናገር። ቪና የሚሰጠው ቁጥር ውሕዱ ከፕሮቲኑ ጋር የሚተሳሰርበት ኃይል ግምት ሲሆን በኪሎ ካሎሪ በሞል ይለካል። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው የግምታቸው ስሕተት 2.85 ኪሎ ካሎሪ ያህል መሆኑን በግልጥ ጽፈዋል። በተራ ሙቀት 1.36 ኪሎ ካሎሪ ማለት በመተሳሰር ብርታት ላይ የአሥር እጥፍ ልዩነት ነው፤ ስለዚህ 2.85 ከመቶ እጥፍ በላይ ይሆናል። እንግዲህ አንዱ ውሕድ ከሌላው በአንድ ኪሎ ካሎሪ የማይሞላ ቢበልጥ፥ በለጠ ማለት ምን ማለት ነው? የኩንታል ሚዛን ይዞ የወርቅ ቀለበት መመዘን ነው። የጓደኛችን ውሕድ ሲልዴናፊልን «የበለጠው» በዚህ ዓይነት ነበር፤ ያጨበጨብነውም ለሚዛኑ ስሕተት ነበር።

ከዚህም ሌላ ነጥቡ ለትላልቅ ሞለኪውሎች ያደላል፤ ሞለኪውሉ ብዙ አቶም ባለው ቁጥር የሚነካካበት ቦታ ስለሚበዛ ነጥቡ ከፍ ይላል። በብዙ ዕፀዋት ውስጥ የሚገኘው ሩቲን በነዚህ ጥናቶች ደጋግሞ አንደኛ የሚወጣው ለዚህ ነው። ሩቲን ክዌርሴቲን የተባለው ውሕድ ሁለት ስኳር ተሸክሞ ማለት ነው፤ ክዌርሴቲን 302 ሲመዝን ሩቲን 610 ይመዝናል። ሩቲን ለስኳር በሽታ አንደኛ፥ ለቫይረስ አንደኛ፥ ለስንፈተ ወሲብም አንደኛ ሲሆን የምናየው ሩቲን ሁሉን ስለሚፈውስ ነው ወይስ መመዘኛው ትልቅን ስለሚወድ? በአንድ መንደር ዳኛ ፊት የቀረበው ባለ ጉዳይ ሁሉ ከተፈረደለት፥ ሰው መጠርጠር ያለበት ባለ ጉዳዮቹን ሳይሆን ዳኛውን ነው።

ሁለተኛው ነገር ስለ ፕሮቲኑ ቅርጽ ነው። የፎስፎዲኤስተሬዝ 5 የሥራ ክፍል ከሲልዴናፊል፥ ከታዳላፊልና ከቫርዴናፊል ጋር ተያይዞ ቅርጹ የታተመው በ2003 ነው። በጎድጓዳው ውስጥ ዚንክና ማግኒዥየም አሉ፤ ውሃም አለ፤ በ817ኛው ቦታ ላይ ያለው ግሉታሚንም መድኃኒቶቹን አጥብቆ ይይዛል። ተማሪው ይህን ቅርጽ ያወርዳል፤ ውሃውን ይጠርጋል፤ አንዳንዱም ሳያውቅ ብረቶቹን አብሮ ይጠርጋል፤ የቀረውንም እንደ ድንጋይ የማይንቀሳቀስ አድርጎ ይይዘዋል። ነገር ግን በ2006 የታተመ ምርመራ ኤንዛይሙ እንደሚይዘው ሞለኪውል ቅርጹን እንደሚለዋውጥ አሳየ። በተለይም ኢካሪሳይድ 2 የተባለው ከዕፅ የሚገኝ ውሕድ ሲገባ፥ ኤች የተባለው የፕሮቲኑ ክር ሲልዴናፊል ሲገባ ከሚይዘው ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። እንግዲህ ለሲልዴናፊል በተሰፋ ልብስ የዕፁን ውሕድ መለካት፥ ልብሱ ካልሆነው ሰውየው ጎባጣ ነው እንደ ማለት ነው፤ ቢሆነውም ልብሱ የእርሱ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ጸሐፊዎቹ ለዚህ አንድ መከላከያ ያቀርባሉ፤ ሲልዴናፊልን አውጥተን መልሰን ስናስገባው ከነበረበት ቦታ ከሁለት አንግስትሮም ባነሰ ልዩነት ስለ ተመለሰ ዘዴያችን ተፈትኗል ይላሉ። ይህ መልካም ጅማሬ ነው፤ ሆኖም የሚያሳየው ቁልፉ በገዛ ራሱ ቁልፍ ቤት መግባቱን ብቻ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው፥ ይህ ዘዴ የሚሠሩትን ውሕዶች ከማይሠሩት መለየት ይችላልን? የሚለው ነው። ለዚህም የሚሆን ፈተና ተዘጋጅቷል፤ በ2006 እና በ2012 በወጡት ዱድና ዱድ ኢ በተባሉት ስብስቦች ውስጥ ፎስፎዲኤስተሬዝ 5ን መግታታቸው የታወቀ ውሕዶች፥ ከመልካቸው ጋር ከሚቀራረቡ ማታለያዎች ጋር ተደባልቀው በነፃ ይገኛሉ። ኮምፒዩተሩ እነዚህን መለየት ካቃተው የእኛን ዕፅ ለመዳኘት ምን ሥልጣን አለው? ይህን ፈተና ለመሥራት ገንዘብ አይጠየቅም፤ ጥቂት ቀንና ትንሽ ትዕግሥት ብቻ ነው። እኛ ባየናቸው የተማሪ ጽሑፎች ውስጥ ግን ይህን አላገኘንም፤ በራሳችንም ውስጥ ጭምር።

ሦስተኛው ስለ መምረጥ ነው። በሰውነታችን ውስጥ 11 የፎስፎዲኤስተሬዝ ቤተሰቦች አሉ። ስድስተኛው በዓይናችን የብርሃን ሕዋሳት ውስጥ የሚሠራ ሲሆን ቅርጹ ከአምስተኛው ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ሲልዴናፊል የወሰዱ አንዳንድ ሰዎች ነገርን ሁሉ ሰማያዊ አድርገው የሚያዩት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ አንድ ውሕድ አምስተኛውን መግጠሙን የሚነግረን ሰው ስድስተኛውንስ? ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት። ያው ኮምፒዩተር፥ ያው ፕሮግራም፥ አንድ ሌሊት ተጨማሪ ሥራ ነው።

አራተኛው ከማሰሮው እስከ ደም ያለው መንገድ ነው። ብዙዎቹ ጥናቶች የዕፁን ውሕዶች የሚለቅሙት ጋዝ ክሮማቶግራፊ በተባለው መሣሪያ ከተገኘ ዝርዝር ነው። ይህ መሣሪያ የሚያየው በሙቀት የሚተንነውን ብቻ ነው፤ እንደ ሩቲን ያሉ ስኳር የተሸከሙ ውሕዶች በእርሱ ፊት አይቀርቡም። በሌላ ወገን ደግሞ ዕፁ የተጨመቀው በሜታኖል ሆኖ ሳለ፥ የአገር መድኃኒት ዐዋቂ የሚሰጠው በውሃ ተቀቅሎ ወይም ተወቅጦ ከማር ጋር ተለውሶ ነው። ሜታኖል የሚያወጣውን ውሃ ላያወጣው ይችላል። ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968 እና በ1973 ያሳተማቸውን የአማርኛ የመድኃኒት ጽሑፎች የተመለከተ ሰው መድኃኒቱ የሚነገረው ከአሠራሩ ጋር መሆኑን ይረዳል፤ እኛ ግን ስሙን ብቻ ወስደን አሠራሩን እንተወዋለን።

ከሆድ ከገባ በኋላም ነገሩ አያልቅም። ሊፒንስኪ በ1997 ባወጣው የታወቀ ደንብ መሠረት በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ክብደቱ ከ500 ባይበልጥ፥ ሃይድሮጅን የሚሰጡ ቦታዎቹ ከ5፥ የሚቀበሉትም ከ10 ባይበልጡ ይመረጣል። ሩቲን 610 ይመዝናል፤ ሰጪዎቹ 10፥ ተቀባዮቹ 16 ናቸው። ደንቡ የማይጣስ ሕግ አይደለም፤ ከተፈጥሮ የተገኙ መልካም መድኃኒቶችም አልፈውታል። የሚያስገርመው ግን ጸሐፊው በአንደኛው ሠንጠረዥ ሩቲን ደንቡን ሦስት ጊዜ እንደሚጥስ ጽፎ፥ በመደምደሚያው ለመድኃኒትነት ተስማሚ ነው ማለቱ ነው። ሠንጠረዡ የተሠራው ለመመርመር ሳይሆን ገጹን ለማሳመር ነበርን?

እስካሁን ያልነው ሁሉ ነቀፋ ሆኖ እንዳይቀር ሥራው እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ኤፒሚዲየም የተባለ ዕፅ በቻይና ባህል ሕክምና ለወንድ ድካም ከጥንት ጀምሮ ይሰጣል፤ ዋናው ውሕዱም ኢካሪን ይባላል። በ2008 በሚላኖ ዩኒቨርሲቲ ዴላሊና ባልደረቦቹ ኢካሪንን በኤንዛይሙ ላይ በላቦራቶሪ ሞከሩት። የኤንዛይሙን ሥራ በግማሽ ለመግታት 5.9 ማይክሮሞላር አስፈለገ፤ ሲልዴናፊል ግን በዚያው ፈተና 0.074 ማይክሮሞላር በቃው። ስለዚህ ኢካሪን ከሲልዴናፊል 80 ጊዜ ያህል የደከመ ሆኖ ተገኘ። ሰዎቹ ይህን አልደበቁም፤ የዕፁን ስምም ለማዳን አልጣሩም። የውሕዱን ስኳሮች አንስተው በምትካቸው ሌላ ቅርንጫፍ ቀጠሉበትና አንደኛው አዲስ ውሕድ 0.075 ማይክሮሞላር ደረሰ፤ ከሲልዴናፊል ጋርም ተካከለ። ከዚህ የምንማረው ዕፁ መድኃኒቱን አልሰጠም፤ መነሻውን ሰጠ፤ መድኃኒት የሚመስለውን ነገር የሠራው የኬሚስቱ እጅና የላቦራቶሪው ልክ ነው። ኢካሪንን በኮምፒዩተር ብቻ አይቶ በነጥቡ የረካ ሰው 80 እጥፍ የሚለውን ቁጥር ከቶ አያገኘውም ነበር።

ከአህጉራችንም ምሳሌ አለ። በእኛ አገር እፀ መናሂ የሚባለው ዕፅ በደቡብ አፍሪካ በቬንዳ ሕዝብ ዘንድ ለዚሁ ጉዳይ የታወቀ ነው። የፕሪቶርያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሥሩ ዛንቶን የተባሉ ውሕዶችን ለይተው የጥንቸል ብልት ጡንቻ ላይ ሞከሩና ጡንቻውን እንደሚያላላ በ2008 አሳተሙ። ይህ ከሕዝብ ወሬ ተነሥቶ ወደ ሕይወት ያለው ጡንቻ የደረሰ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የዚሁ ዕፅ ሥር መርዝነት በአፍሪካ በብዙ ቦታ የታወቀ ነው፤ ሰው የገደለም ነው። አንድ ሥር በአንድ ጊዜ እውነተኛ ኃይልም እውነተኛ መርዝም ሊኖረው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ጓደኛችን አጎት እንመለስ። በኪሳቸው የያዙት ኪኒን ናይትሮግሊሰሪን ነው፤ ይህም በሰውነት ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድን ይለቃል። ከፎስፎዲኤስተሬዝ 5 ገቺ ጋር ቢጋጠም አንደኛው ምንጩን ከፍቶ ሁለተኛው መውረጃውን ስለሚዘጋው የደም ግፊት በድንገት ወርዶ ሰው ሊሞት ይችላል። ሲልዴናፊል ናይትሬት ለሚወስድ ሰው የተከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ነገሩ በሁለት ይከፈላል። የጓደኛችን መደምደሚያ ሐሰት ከሆነ አጎቱ ከንቱ ሥር ይጠጣሉ፤ ሐኪም ዘንድ የሚሄዱበትም ጊዜ ያልፋል። እውነት ከሆነ ግን ሥሩ እንደ ሲልዴናፊል ስለሚሠራ እኒህን ሰው ሊገድላቸው ይችላል። ሦስተኛ መንገድ የለም። ይህ ሆኖ ሳለ በጽሑፉ የመጨረሻ አንቀጽ፥ እኛም ባጨበጨብንለት፥ «ተፈጥሯዊ ስለ ሆነ የጎንዮሽ ጉዳት የለውም» የሚል ቃል ነበረ። በአንድ ገጽ ላይ ከሲልዴናፊል ይበረታል፥ በሚቀጥለው ገጽ ላይ አይጎዳም ማለት አይቻልም። ብርታቱና ጉዳቱ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸውና።

ይህ ፍርሃት የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከ2007 እስከ 2016 ባወጣቸው ማስጠንቀቂያዎች ውስጥ ያልተገለጠ መድኃኒት የተቀላቀለባቸው 776 ምርቶች እንደ ነበሩ በ2018 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ከመቶው 45.5 ያህሉ ለወሲብ ኃይል ይረዳሉ ተብለው የሚሸጡ ነበሩ። በብዙዎቹም ውስጥ የተደበቀው ራሱ ሲልዴናፊል ነው። ማለት፥ ነጋዴው «ዕፅ» ብሎ ይሸጣል፤ ገዢው በዕፁ ይድናል፤ ያዳነው ግን ከመለያው ላይ ያልተጻፈው ኪኒን ነው። እንዲህ ያለ ነጋዴ የሚፈልገው አንድ የዩኒቨርሲቲ ወረቀት ነው። ያንን ወረቀት እየጻፍንለት ያለነው እኛ እንዳንሆን እንፈራለን።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ዕፁ የተመረጠበት ምክንያት ከበሽታው መንገድ ጋር በቃል ሳይሆን በማስረጃ ይያያዝ። ዘዴው የሚሠራውን ከማይሠራው መለየት መቻሉ አስቀድሞ ይፈተን። ከሲልዴናፊል ጋር የሚነጻጸር ሁሉ የሚዛኑን ስሕተት አብሮ ይጻፍ። ስድስተኛው ኤንዛይም አይረሳ። የመጨረሻው ቃል «ተረጋግጧል» መሆኑ ቀርቶ «በላቦራቶሪ ሊሞከር ይገባዋል» ይሁን፤ የሚሞክረውም ማን እንደ ሆነ ይገለጥ። ስለ ዕፁ የነገሩን መድኃኒት ዐዋቂዎችም አይዘንጉ፤ በአገራችን በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብን ዕውቀት መብት ያስከብራልና፥ በኮምፒዩተር የተጀመረ ሥራ ከዚህ ነፃ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል።

ይህ ሁሉ ከአቅማችን በላይ ነው የሚል ካለ አንድ የአገራችንን ሰው እናስታውሰው። በ1964 ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመለከቱ፤ ከሚያጥቡበት ቦታ በታችም የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በዚያ ቀን «ተረጋግጧል» ብለው ቢጽፉ ኖሮ ነገሩ በአንድ ገጽ ያልቅ ነበር። እርሳቸው ግን ለዓመታት ፈተኑት፤ መጠኑን ለኩ፤ ለሰውና ለዓሣ የሚያመጣውን ጉዳት ጠየቁ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበሉት በዚያ ድካም ነው። ያን ጊዜ ኮምፒዩተር አልነበራቸውም፤ የነበራቸው የሚያይ ዓይንና ያየውን ቶሎ የማያምን ልቡና ነው። እኛ ኮምፒዩተሩን አግኝተናል፤ ሁለተኛው ግን በነፃ የሚወርድ አይደለም።

ጓደኛችን በመጨረሻ ለአጎቱ ደወለ። «ጋሼ፥ ኮምፒዩተሩ የመረጠው ሥር የለም፤ እኔ ነኝ ተሳስቼ የተናገርኩ፤ ይልቅስ የልብ ሐኪምዎ ዘንድ አብረን እንሂድና ይህንንም እንንገራቸው» አላቸው። አጎቱ ጥቂት ዝም ብለው፥ «እንዲህ ከሆነማ እሺ» አሉ። ከዚያ ጥናት የተገኘው ጥቅም ይህ ብቻ ቢሆንም እንኳ ለእኛ ትንሽ አይደለም። ጽሑፉም ወደ ጸሐፊው ተመልሷል፤ ዱድ ኢ የተባለውን ፈተና ሠርቶ ውጤቱ ደግም ይሁን ክፉ በዚህ መጽሔት እንዲያወጣው ጠይቀነዋል። ውጤቱ ክፉ ቢሆን በይበልጥ እናመሰግነዋለን።